ጀልባ ድረስ ውሃ መሸከም ለሰለቻችሁ፣ አንድ የጅማ በያጅ ልጠቁማችሁ

ምስጋናዬን ላስቀድም። ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ብየዳ ቤት ያላቸው አንድ አባት አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። የሚታወቁት በበርና በመስኮት ሥራ ነው። ለእኛ ግን ውሃና ስንቅ እስከ ጀልባ የምናደርስበትን ዕቃ ሠሩልን። ወገባችንን አተረፉልን ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እኔና ጓደኞቼ ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ ዓሣ የምናሰግርበት ጀልባ አለን። ከጅማ በአዲስ አበባ መንገድ ሰርቦን አልፈን አሰንዳቦ እንደርሳለን። ከዚያ ወደ ውሃው የሚወርደው ኮረኮንች ነው። እስከዚያ ጭነቱን መኪና ይሸከማል። መከራው ያለው ከመኪናው እስከ ጀልባው ነው።

ግድቡ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ነው። ውሃው ለመብራት ስለሚለቀቅ ዳርቻው አንድ ቦታ አይረጋም። ክረምት ሲሞላ ውሃው መኪናችን አጠገብ ይመጣል። በበጋ ደግሞ ይሸሻል። ከጥር በኋላ ጀልባ እናስርበት የነበረው ቦታ ላይ ከብት ሲግጥ ታያላችሁ። ከግጦሹ ወዲያ ያለው ዋልካ ነው። ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ያታልላል። ሲረግጡት እስከ ጉልበት ይውጣል።

መረብ ጥለን ስለምናድር ጭነታችን ቀላል አይደለም። የሚጠጣ ውሃ፣ በረዶ፣ ከሰል፣ ዱቄት፣ ቤንዚን። "ውሃ ላይ ተቀምጣችሁ ውሃ ትሸከማላችሁ?" የሚለን አይጠፋም። የግድቡ ውሃ ደለል ይበዛዋል፣ ከብቱም ሰውም ይወርድበታል። እሱን ጠጥቶ ሆድ ከመታመም የቧንቧ ውሃ ከከተማ ቀድቶ መሄድ ይሻላል። ውሃ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። አንዱ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። ቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ ያልፋል። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ለመጠጥና ለማብሰያ ብትይዙ፣ አራት ሰው ለሦስት ቀን 60 ሊትር ይፈልጋል። በረዶው ገና አልተቆጠረም።

አህያ ሞክረናል። እስከ ደረቁ መሬት ግሩም ናት፣ ጭቃው ላይ ስትደርስ ግን አልሄድም ትላለች፤ እውነቷን ነው። የቀን ሠራተኛም ቀጥረናል። የፊተኛው ጋሪያችን ሌላ ቦታ የተሠራ ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ ጎማው የብስክሌት። ጭቃው ውስጥ እንደ ቢላ ነበር የሚገባው።

ጋሼ ዘንድ የሄድኩት ጠንካራ ጋሪ ለማዘዝ ነበር። ሥዕሉን አንድ ጊዜ አየት አደረጉና "ጋሪውን ተወውና ቦታውን አሳየኝ" አሉኝ። እውነት ለመናገር፣ የበያጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ብዙው ልኩን ተቀብሎ ቀብድ ይጠይቃል። እሳቸው እሁድ ዕለት አብረውን ወረዱ። ዳርቻው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስንሸከም ዝም ብለው አዩን። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "ልጆች፣ አንዱን ጀሪካን ሦስቴ ታነሱታላችሁ። ከመሬት ጋሪ ላይ፣ ከጋሪ ትከሻ ላይ፣ ከትከሻ ጀልባ ውስጥ። መንገዱ አይደለም የገደላችሁ፣ ማንሳቱ ነው።"

የሠሩልን ጋሪ ሲታይ ተራ ነው። አልጋው ግን በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ ከጉልበት በታች። ጀሪካኑን ከመሬት ብዙም ሳያነሱ ገፋ አድርጎ ማስገባት ይቻላል። ክፈፉ ቱቦላሬ፣ ወለሉ ላሜራ ነው። ጎማው የባጃጅ ነው። አጭርና ሰፋ ያለ ስለሆነ ቶሎ አይሰምጥም፣ ቢፈነዳም ጅማ ውስጥ በየመንገዱ ይገኛል። ጭቃ ላይ ስትደርሱ አየሩን ትንሽ ቀንሱለት አሉን። ጎማው ሲተኛ መሬቱን የሚነካበት ስፋት ይጨምራል፣ ክብደቱ ይከፋፈላል። ጭነቱ ልክ ጎማዎቹ አናት ላይ እንዲያርፍ ስላደረጉት ክብደቱ እጅ ላይ አይመጣም። ከፊት ገመድ የሚታሰርበት ቀለበት አለው። ሁለት ሰው ይጎትታል፣ አንዱ ከኋላ ይገፋል። ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ኩሽኔታውን ግሪስ መቀባት አትርሱ ብለው ደጋግመው ነግረውናል።

በጣም የወደድኩት ጣውላዎቹን ነው። ሁለት ሰፋፊ ጣውላ፣ ላያቸው ላይ እግር እንዳይንሸራተት ቀጫጭን እንጨት የተመታባቸው። ዋልካው የሚውጥበት ቦታ ላይ ይነጠፋሉ፣ ጋሪው ሲያልፍ የኋለኛው ተነስቶ ወደ ፊት ይሄዳል። ጀልባው ጋ ሲደረስ ደግሞ እነዚያው ጣውላዎች መወጣጫ ይሆናሉ። ጋሼ ጫፋቸው ላይ ከፌሮ መንጠቆ አጥፈው ገጥመውባቸዋል፣ የጀልባውን ጠርዝ ይይዛል። ጀልባው ሲወዛወዝም ጣውላው አይወድቅም። ጀሪካኑ ተገፍቶ ይገባል እንጂ ትከሻ ላይ አይወጣም። መንጠቆውን ያሰብኩት እኔ ብሆን ኖሮ ለሰው ስነግር እውል ነበር። እሳቸው ሒሳቡ ውስጥ እንኳ አላስገቡትም።

ለክረምት የሰጡን መላ ደግሞ ሌላ ነው። ጀልባው ዳር ድረስ ሲቀርብ ጀሪካን ማመላለስ ለምን ያስፈልጋል? የታጠበ በርሜል በውሃ ተሞልቶ መኪናው ላይ ይቀመጣል፣ ባዶዎቹ ጀሪካኖች ጀልባው ውስጥ ይደረደራሉ። በመካከላቸው ቱቦ ነው። በርሜሉ ከፍ ካለ ውሃው ራሱ ይወርዳል። ቱቦውን በአፍ አትሳቡት። አስቀድማችሁ በውሃ ሙሉት፣ ሁለቱን ጫፍ በአውራ ጣት ዝጉ፣ አንዱን በርሜሉ ውስጥ አስገብታችሁ ልቀቁ። ቱቦው ለግንባታ ያገለገለ አይሁን። የግማሽ ኢንቹ ያንቀላፋችኋል፣ የአንድ ኢንቹ ይሻላል። በበጋ ግን ይህ አይሠራም። ርቀቱ ረጅም፣ ቁልቁለቱ ትንሽ ስለሚሆን ውሃው ጠብ ጠብ ነው የሚለው።

እግረ መንገዴን የዳርቻውን ልጆችም ላመስግን። ጀልባው ጥልቀት ባጣ ውሃ ምክንያት መቅረብ ሲያቅተው፣ ክዳኑ የጠበቀውን ጀሪካን ውሃው ላይ አንሳፈው በገመድ እየጎተቱ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ጀሪካኑ አፉ ድረስ ካልሞላና ትንሽ አየር ከተረፈው አይሰምጥም። ክዳኑ የላላ ከሆነ ግን የግድቡን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ የሚጠጣውን ሳይሆን ለዕቃ ማጠቢያ የሚሆነውን ነው እንዲህ የምናሻግረው።

ጀልባ ላይ ስትጭኑም ክብደቱን መሃል ላይ፣ ከወለሉ አድርጉት። ቤንዚን የነበረበትን ጀሪካን ለውሃ አትጠቀሙ፣ ቢታጠብም። ግማሽ የሞላ በርሜል ይዛችሁ አትጓዙ፤ ጀልባው ጎንበስ ሲል ውሃው ሁሉ ወደዚያው ጎን ሮጦ ይብስበታል። ይህን እንኳ ብረት ብቻ የሚበይዱት ጋሼ ናቸው የነገሩን። ከየት እንደሚያውቁት ስጠይቃቸው ሳቁብኝ።

እንከን የላቸውም አልልም። ዕቃው ከተባለው ቀን ዘግይቶ ነው የደረሰልን። ምክንያቱ መብራት ነው። ግድቡን የምናየው እኛ፣ ብየዳው መሃል መብራት የሚጠፋብን እኛ! ስልክም ቶሎ አያነሱም፣ ማሽኑ ሲጮህ አይሰማቸውም። ሐሙስ ገበያው ስለሚጨናነቅ መኪና ይዞ መግባት ፈተና ነው። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ዝግ ነው። ጠዋት በጊዜ ብትሄዱ ታገኟቸዋላችሁ፣ ሻይም ይጋብዟችኋል።

ዋጋውን አልጽፍም፣ ብረት ዛሬና ነገ አንድ አይደለም። ብረቱን ራሳችሁ ገዝታችሁ ከወሰዳችሁ የእጃቸውን ብቻ ይቀበላሉ። ስንት ሜትር እንደሚበቃ ደግሞ ሳይደብቁ ይነግሯችኋል። ከእኛ የተረፈውን ቁራጭ እንኳ በማዳበሪያ አስረው መልሰውልናል።

ጋሼ፣ ገለቶማ! ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ረዳትዎንም አመስግኑልን።

ጀልባ የሌላችሁም ብትሆኑ፣ መኪና የማይገባበት ቦታ ውሃ የምታደርሱ ካላችሁ ያው ዕቃ ያገለግላችኋል። ቤታቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር አሳያለሁ። ስትሄዱ የጀልባችሁን ጠርዝ ከፍታና የጀሪካናችሁን ልክ በሜትር ለክታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።