ለኪስ የሚሆን፣ ውሃ የማያስገባ ዕቃ ፍለጋ፦ ባልዲ ውስጥ ነክሬ ያየሁት

ባለፈው ሐምሌ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር መናገሻ ሱባ ጫካ ገብተን ወደ ወጨጫ ስንወጣ ዝናብ ያዘን። የሐምሌ ዝናብ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ስንመለስ አንዱ ጓደኛችን ትንሽ ወንዝ ሲሻገር ድንጋዩ አዳለጠውና እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገባ። ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከንፈሩ ጠቆረ። እኔ ደግሞ በልበ ሙሉነት ኪሴ ገብቼ የከረሜላ ቆርቆሮዬን አወጣሁ። ለክፉ ቀን ብዬ ያዘጋጀኋት ናት። ክብሪት፣ ፕላስተር፣ መርፌና ክር፣ ምላጭ፣ ትንሽ ፊሽካ፣ የውሃ ማከሚያ ኪኒን፣ አንድ ኦ አር ኤስ።

ስከፍታት ውሃ ፈሰሰ። የክብሪቱ ጭንቅላት ሟሙቶ ቀይ ጭቃ ሆኗል፣ ፕላስተሩ አብጦ ተላጧል፣ መርፌዋም በቆየ ዝገት ቡናማ ሆናለች። ደህና የተረፈው በፎይል የታሸገው ብቻ ነበር፤ ኪኒኑና ኦ አር ኤሱ። የጫካ ጠባቂዎች ቤት ሩቅ ስላልነበረ ደረስን፣ አንድ አባት «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ» ብለው እሳት አጠገብ አስቀመጡን። ጓደኛዬ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ቤት ገብቼም ያቺ ቆርቆሮ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ውስጡ ምን ይግባ እያልኩ ስንት ቀን አስቤ ነበር፤ ዕቃውን ግን ካገኘሁት አንስቼ ነው የተጠቀምኩት። ስህተቴ እዚያ ጋ ነው።

ከዚያ በኋላ የተለያዩ ዕቃዎችን ሰብስቤ ሞከርኩ። ሙከራው ቀላል ነው፣ ማንም ቤቱ ሊሠራው ይችላል። ዕቃው ውስጥ የታጠፈ ደረቅ ሶፍት አስገባለሁ፣ እዘጋለሁ፣ ድንጋይ ጭኜበት ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ለ30 ደቂቃ እተወዋለሁ። አውጥቼ ውጪውን በደንብ አደርቅና ሶፍቱን አያለሁ። ቀጥሎ ከራሴ ቁመት ሲሚንቶ ላይ እጥለዋለሁ። ከዚያ እንደገና ወደ ባልዲው። ይሄ ሁለተኛው ንክር ነው እውነቱን የሚያወጣው፤ አዲስ ሲሆን ውሃ የማያስገባ ዕቃ ሞልቷል፣ ከወደቀ በኋላ የማያስገባው ግን ጥቂት ነው።

ከቆርቆሮዋ ልጀምር። ማጠፊያዋ ጋ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ወደ መስኮት አዙራችሁ ብታዩ ብርሃን ያሳልፋሉ። ክዳኗ ላይ ጎማ የለም። ባልዲው ውስጥ ገና ሳስገባት አረፋ መትፋት ጀመረች። ዳር ዳሯን በናስትሮ ጠቅልዬ ደግሜ ስሞክር ሶፍቱ ደርቆ ወጣ፣ ግን አንዴ ከተከፈተች ዝናብ ላይ በረጠበ እጅ መልሶ መጠቅለል አይታሰብም፤ ናስትሮው አይይዝም። ከአሮጌ ከመነዳሪ ሰፋ ያለ ቀለበት ቆርጦ ማጥለቅ ይሻላል። ጎማ ጠጋኞች ጋ በነፃ ይገኛል፣ ሲቆራረጥም እሳት ማያያዣ ይሆናል፣ ርጥብ ቢሆን እንኳ ይነዳል። ያም ሆኖ ማጠፊያው ጋ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም።

ቆርቆሮን ግን ጨርሼ አልጥላትም፣ ምክንያቱም እሳት ላይ ልትጣድ ትችላለች። የኔዋ 9.5 በ6 በ2 ሴንቲ ሜትር ናት፣ አንድ ሲኒ ተኩል ውሃ ትይዛለች። ውሃ ሲፈላ አንድ ደቂቃ ይበቃል ይባላል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ግን ሦስት ደቂቃ ነው የሚመከረው፣ የኛ አገር ተራሮች ደግሞ አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ናቸው። ለዚህ ሥራ የምታስቧት ከሆነ ቤት ሳላችሁ ባዶዋን አንዴ እሳት ላይ አድርጋችሁ ቀለሟን አቃጥሉት፤ ያንን ጭስ ጫካ ውስጥ ከመጠጥ ውሃችሁ ጋር አትፈልጉትም።

ዚፕ ያለው ፌስታል። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ የመጀመሪያውን ንክር አለፈ። ሁለተኛውን አላለፈም፣ አብራ የገባችው መርፌ በስታው ነበር። ብቻውን አይበቃም፤ ሌላ ዕቃ ውስጥ እንደ ሁለተኛ ልብስ ከገባ ግን በጣም ጥሩ ነው። የመታወቂያ ኮፒና ጥቂት ብር የማስቀምጠው በሱ ነው።

ቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ የሚደረጉት ባለ ኦሪንግ (ክዳኑ ሥር ክብ የጎማ ቀለበት ያላቸው) የአልሙኒየም ቱቦዎች ሁለቱንም ንክር ያለምንም ችግር አለፉ። ግን ከጥቂት ክብሪትና ከአንድ ሁለት ኪኒን ሌላ አይይዙም።

ያስገረመኝ የቫይታሚን ሲ ቱቦ ነው። ያ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ቫይታሚን የሚመጣበት፣ ፋርማሲ ሁሉ ያለው። ክዳኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ አለው፤ ስታንቀሳቅሱት የሚንኮሻኮሸው ድምፅ እሱ ነው። ኪኒኑ አየር ላይ ካለ እርጥበት እንዳይሟሟ የተሠራ ዕቃ ስለሆነ ለክብሪት ልክክ ይላል። ባልዲው ውስጥ ግን ሁለት ሦስት ጠብታ አስገባ፤ ክዳኑ ተጭኖ የሚገባ እንጂ የሚጠመዘዝ አይደለም። ለዝናብና ለላብ ይበቃል፣ ወንዝ ውስጥ ለመውደቅ አይበቃም። የክዳኑን መገጣጠሚያ ከከመነዳሪ በተቆረጠ ቀለበት ሸፍኜ ደግሜ ነከርኩት፣ ጠብታው ቀረ። ክብሪት ስታስገቡ መጫሪያውንም ከካርቶኑ ቆርጣችሁ ማስገባት እንዳትረሱ፤ የኛ ክብሪት ያለ መጫሪያው አይነድም። መጫሪያው ከክብሪቶቹ ጭንቅላት ጋር እንዳይፋተግ በወረቀት ጠቅልሉት።

አሁን ወደ አሸናፊው። በአራቱም ጎን ክሊፕ ያለው፣ ክዳኑ ውስጥ የሲሊኮን ጎማ የተገጠመለት ትንሹ ምሳ ዕቃ። ለልጅ ወጥ ወይም ፍራፍሬ የሚቋጠርበት፣ የመጨረሻ ትንሹ ቁጥር። መጀመሪያ የገዛሁት ቶሎ አሳዘነኝ፤ ሲሚንቶው ላይ ሲወድቅ አንዱ ክሊፕ ከሥሩ ተነቀለ። ለሁለተኛው መርካቶ ሄጄ ሳገላብጥ ሻጩ አየኝና «ወንድሜ፣ ክዳኑን አትይ፣ ማጠፊያውን እይ» አለኝ። ከዚያ ራሱ እያሳየኝ አስመረጠኝ፣ እኔም የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ክሊፑን ሃያ ጊዜ ያህል ክፈቱና ዝጉት። መታጠፊያው ላይ ነጭ መስመር እየወጣ የሚሰፋ ከሆነ አትግዙት፣ በቅርቡ ይሰበራል። ገልብጣችሁ ታቹን እዩ። ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ደጋግሞ መታጠፍ የሚችል ፕላስቲክ ስለሆነ ለክሊፕ የሚመረጠው እሱ ነው። 6 ከሆነ ፖሊስቲሪን ነው፤ መስታወት መስሎ ያምራል፣ ሲወድቅም እንደ መስታወት ይሰነጠቃል። ጎማውን በጥፍራችሁ አውጥታችሁ እዩት፤ ወፍራም፣ ለስላሳና ያለ ቅጣይ አንድ ወጥ መሆን አለበት። ሳጥኑ ባዶ ተዘግቶ በሁለት እጅ ሲጨመቅ አየር ሲያፏጭ ከሰማችሁ መልሱት።

ይሄኛው ሁለቱንም ንክር አለፈ። ሶፍቱ እንደገባ ወጣ።

ሁለት ነገር ግን ማወቅ አለባችሁ። አንደኛው ብርድ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይደርቃል፣ ሲወድቅ በቀላሉ ይሰበራል። ስሜን ተራሮች ላይ ሌሊት ከዜሮ በታች ስለሚወርድ እዚያ ስሄድ ከድንኳን ውጪ ቦርሳ ውስጥ አልተወውም፣ ይዤው ነው የምተኛው። ሁለተኛው ከፍታ ነው። እዚያው ስሜን ያለው ጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ላይ ከፍቼ ዘጋሁት፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስደርስ አልከፈት አለኝ። ክሊፖቹ ተከፍተዋል፣ ክዳኑ ግን ተጣብቋል። ጨነቅ ላይ የተዘጋበት አየር ስስ ነው፣ ታች ያለው አየር ወፍራም ስለሆነ ክዳኑን ከላይ ይጫነዋል። ለ10 በ7 ሴንቲ ሜትር ክዳን ሳሰላው ወደ 12 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት እንደተጫነበት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የጎማውን አንድ ጥግ በጥፍር ወይም በሳንቲም ማንሳት፣ «ፍስስ» ይልና ይለቃል። ግን የበረደው እጅ ይህን የሚያደርገው አስቀድሞ ካወቀው ነው፣ ስለዚህ ቤት ተለማመዱት።

አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ስትመጣ ፔሊካን 1010 የሚባለውን ትንሽ ሳጥን አምጥታልኛለች። ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነው፤ ፖሊካርቦኔት ከሚባል ወፍራም፣ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ውስጡ ሙሉ የጎማ ሽፋን፣ ያንን የአየር ግፊት ችግር ራሱ የሚያስተካክል ቫልቭም አለው። ደረጃው አይ ፒ 67 ነው። ይህን ምልክት ስልክ ላይም ታዩታላችሁ፤ 6ቱ አቧራ ፈጽሞ አያስገባም ማለት ነው፣ 7ቱ ደግሞ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት። የኔ የባልዲ ሙከራ ጥልቀቱ ያንን አያክልም፣ ሰዓቱን ግን ከዚያ ነው የወሰድኩት። ፔሊካኑ ስጥለውም ስነክረውም ምንም አላለም። በጥንካሬ የሚወዳደረው አላየሁም፣ ለካሜራ ባትሪ ቢሆን ዓይኔን አላሽም። ብቻ ውጪው 15 በ10 በ5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ የሱሪ ኪስ ውስጥ አይሆንም፣ የቦርሳ ዕቃ ነው።

ለኔ ደግሞ ኪስ ማለት ኪስ ነው። ቦርሳ ይወርዳል፣ በቅሎ ላይ ይጫናል፣ ወንዝ ይወስደዋል። ጓደኛዬ ሲወድቅ ቦርሳው ከሱ ጋር አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ የያዝኩለት። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃውን ኪሳችሁ ውስጥ ከታችሁ ቁጢጥ በሉ፣ ደረጃ ውጡ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደሚቀመጥ ሰው ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ተቀመጡ። ከወጋችሁ በሁለተኛው ቀን ቤት ትተዉታላችሁ፣ የኔም የመጀመሪያዋ እንዲሁ ስንት ጊዜ ቤት ቀርታለች። ውፍረቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

አሁን የምይዘው እንዲህ ነው። ምሳ ዕቃው የጃኬቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ዋናው ነገር ሁሉ እሱ ውስጥ። የክብሪቱ ቱቦ ለብቻው በሱሪ ኪስ፣ አንዱ ቢጠፋ አንዱ እንዲተርፍ። ላይተርም አለኝ፣ ግን ከረጠበ እስኪደርቅ ያስቸግራል። ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ደግሞ ቁራጭ የለስላሳ መምጠጫ ውስጥ ጠቅጥቄ ሁለቱን ጫፍ በእሳት አቅልጬ ዘግቼዋለሁ፤ ያለዚያ ቅባቱ ፕላስተሩንም ሌላውንም ያበላሻል።

ጎማውን በየወሩ አውጥቼ በሳሙና አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ። አንዲት የፀጉር ዘለላ ወይም የአሸዋ ቅንጣት ከሥሩ ከገባች ውሃ መንገድ አገኘ ማለት ነው፤ በነሐሴ አንዴ ደርሶብኛል፣ ክር ነበረች። ያወቅኩት በሶፍቱ ነው። ያንን የሙከራ ሶፍት አሁንም ውስጡ ትቼዋለሁ፣ ከመንገድ ስመለስ መጀመሪያ የምነካው እሱን ነው። ካለፈው ጉዞ ስመለስ ደረቅ ነበር።