አርቪውን ላከራዩን ጋሼ ምስጋና፣ የእማዬም ጭምር

ሎስ አንጀለስና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች፣ ይህን የምጽፈው የአንድ ሰው ምስጋና ስላለብኝ ነው። አርቪ (መኝታና መጸዳጃ ያለው የጉዞ መኪና) ተከራይታችሁ ቤተሰብ ይዛችሁ ለመውጣት ላሰባችሁም ይጠቅማችኋል። ሰውየው ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም። «ጋሼ በይኝና ይለፍ» ብለውኛል።

እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ከርማ ነበር። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ዲዝኒላንድ ብንወስዳት «ወረፋው ሲያልቅ ጥሩኝ» ብላ አግዳሚ ወንበር ላይ ዋለች። እንግዲህ ለሷ የሚሆን ቦታ ምን አለ ብለን ስናስብ አለንስዎርዝ ትዝ አለን።

ለማታውቁት፣ ኮሎኔል አለንስዎርዝ ስቴት ሂስቶሪክ ፓርክ ከሎስ አንጀለስ ወደ ሰሜን 150 ማይል ገደማ፣ ከቤከርስፊልድ አለፍ ብሎ ነው። አለን አለንስዎርዝ በ1842 ኬንታኪ ውስጥ ባሪያ ሆኖ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ማንበብ በመማሩ ሸጡት። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ አምልጦ ከሰሜኖቹ ጋር ተሰለፈ። ኋላም የ24ኛው እግረኛ ሬጅመንት ቄስ ሆኖ በ1906 በሌተናል ኮሎኔልነት ጡረታ ወጣ። ከዚያ በ1908 ከጓደኞቹ ጋር ጥቁሮች ራሳቸው ገንዘቡን አውጥተው፣ ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን ከተማ ቆረቆረ። ዛሬ ፓርክ የሆነው ያ ከተማ ነው።

አርቪ ያሰብነው እማዬ ጉልበቷን ስለሚያማት ነው። ስትፈልግ ጋደም ትላለች፣ መጸዳጃም አትቸገርም። መጀመሪያ አንድ ትልቅ አከራይ ጋ ሄድን። ጉዞው ኦገስት ላይ እንዲሆን ቆርጠን፣ ያላቸውን ትልቁን መኪና መርጠን፣ ዲፖዚት ልንከፍል ነበር። የት እንደምንሄድ እንኳን የጠየቀን የለም። በዚህ መሀል አንድ የቤተክርስቲያን ወዳጃችን ጋሼን አገናኘችን።

ጋሼ የድሮ የትራክ ሹፌር ናቸው። ሁለት አርቪ አላቸው፣ ሌላ የላቸውም። ስልክ አንስተው የጠየቁኝ የመጀመሪያው ነገር «የት ነው የምትሄዱት?» ነው። ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ኦገስት ላይ ያ ሸለቆ ምድጃ ነው። ካምፑ ላይ ደግሞ መብራት የምትሰኪበት ሶኬት የለም። እናትሽን ልትጠብሻት ነው?» አሉኝ። ከመቶ ዲግሪ ፋራናይት በላይ ማለት እዚያ የተለመደ ነው። ጉዞውን ወደ ኦክቶበር ገፋነው። መኪናውንም ወደ ትንሹ አወረዱን፤ በራሳቸው ኪሳራ ማለት ነው። ካምፑ 15 ቦታ ብቻ ስላለው ርዝመቱን ሳያዩ ትልቅ መኪና ይዞ መሄድ ሞኝነት ነው አሉ።

ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ባለቤቴን ሁለት ሰዓት አስተማሩት። መዝለል አይቻልም፤ ባለቤቴ ሞክሮ ነበር። በተለይ ወደ ሰሜን ስንሄድ የሚያጋጥመንን የግሬፕቫይንን ቁልቁለት እንዴት እንደሚወርድ ደጋግመው ነገሩት። ማርሽ ቀንስ፣ ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑን ረግጠህ አትቆይ፣ ከጋለ አይይዝልህም። ስትቆም መኪናውን አስተካክለህ አቁም፣ ካጋደለ ፍሪጁ በጋዝ ሲሠራ በደንብ አያቀዘቅዝም። ቆሻሻ ስታስወግድ የመጸዳጃውን ታንከር አስቀድም፣ የእጣቢው ውሃ ኋላ ሲወጣ ቱቦውን ያጥብልሃል። ይቺን ሌላ ቦታ ማን ይነግራችኋል?

ለእኔ ደግሞ የተለየች ምክር ነበረቻቸው። «ቡና እንደምታፈሉ አውቃለሁ። ከሰል ግን መኪና ውስጥ እንዳታስገቢ።» ጠባብ ቦታ ነው፣ የከሰል ጋዝ ሰው ይገድላል። የዕጣኑን ጭስ ደግሞ አላርሙ አይወደውም። እማዬ ይህን ስትሰማ «ሐበሻ ባይሆን ይህን ከየት ያውቀዋል» አለች። ቡናውን ውጪ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ አፈላነው።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ላይ ሙቀቱ በረታ። ኤሲውን ለማብራት ጄኔሬተሩን ብናስነሳ እምቢ አለ። ደግመን ሞከርን፣ እምቢ። ባለቤቴ ተበላሸ ብሎ ላብ በላብ ሆነ፣ የዲፖዚቱ ነገር ነው የታየው። ለጋሼ ደወልን። በሁለተኛው ጥሪ አነሱና «ነዳጁ ስንት ላይ ነው?» አሉ። ከሩብ በታች። ሳቁ። ጄኔሬተሩ የሚጠጣው ከዚያው ከመኪናው ታንክ ነው፤ መሳቢያ ቱቦው ግን እስከ ታች አይወርድም። ሩብ ሲቀር የሚያቆመው መንገድ ላይ ነዳጅ ጨርሳችሁ እንዳትቀሩ ነው። ወደ 99 አውራ መንገድ ወጥተን ሞላን። ስንመለስ በአንዴ ተነሳ። (ማታ ግን ጄኔሬተር አይፈቀድም። በካሊፎርኒያ ስቴት ፓርኮች ከጠዋቱ 4 እስከ ማታ 2 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ብቻ ነው።)

በነጋታው ወደ ትምህርት ቤቱ ገባን። በ1912 የተሠራ የእንጨት ቤት ነው፤ እስከ 1972 ልጆች ተምረውበታል። እማዬ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመች። ስለ ኮሎኔሉ ስተረጉምላት ማንበብ ስለተማረ መሸጡን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከተማው ለምን እንደተዳከመ ስነግራት ደግሞ ነገሩ ከአገር ቤት አልራቀባትም። ቃል የተገባው ውሃ አልመጣም፣ በ1914 ባቡሩ ማቆሚያውን ወደ ጎረቤቱ ከተማ አልፓው አዞረ፣ በዚያው ዓመት ኮሎኔሉን ሞተር ብስክሌት ገጨውና ሞተ። «ውሃና መንገድ» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ አንዷ ትንሽ ዴስክ ላይ ተቀመጠችና ፎቶ አንሱኝ አለች። ከመጣች ጀምሮ ፎቶ ስትጠይቅ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

ስንመለስ ጋሼ መኪናውን ዞረው አዩ፣ ዲፖዚቱን በነጋታው መለሱ። አንዲት የመስታወት ጭረት ነበረች፤ «የቆየች ናት» ብለው አለፏት። የቆየች መሆኗን እጠራጠራለሁ።

ጉድለታቸውን ልንገራችሁ፣ ወሬ ይወዳሉ። አምስት ደቂቃ ብላችሁ ደውላችሁ አርባ ደቂቃ ትቆያላችሁ። መኪናዎቹም አዲስ አይደሉም፣ መጋረጃቸው የድሮ ነው። ቢያንስ ከወር በፊት ካልያዛችሁም አታገኙም። ደግሞ እንቅልፍ የሚቀላችሁ ከሆነ የጆሮ መድፈኛ ያዙ፤ የባቡሩ ሐዲድ ከፓርኩ ጎን ስለሆነ ሌሊት ያልፋል። እሳቸው ነግረውን ነበር፣ እኛ ረሳን።

ቁጥራቸውን የምትፈልጉ ውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። እሁድ ጠዋት ግን አትደውሉላቸው፣ ቅዳሴ ላይ ናቸው።