ለቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በደብረ ብርሃን ዙሪያ በሚገኘው የቀበሌያችን ጤና ኬላ የምትሠራውን ባለሙያ ለማመስገንና ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጆች ያሏችሁ ጎረቤቶቼ እሷን እንድታማክሩ ለመጠቆም ነው።

የ14 ዓመቷ ልጄ ከመስከረም ጀምሮ ዳገቱን ወጥታ ትምህርት ቤት እስክትደርስ ሁለት ጊዜ ታርፍ ነበር። ስንፍና መስሎኝ ተቆጥቻታለሁ፤ የወሰድኳት የግል ክሊኒክም ደሟን ሳይመረምር የምግብ ፍላጎት ይከፍታል የተባለ ሽሮፕ ሰጥቶ መለሰን። ባለሙያዋ ግን ቤት ለቤት ስትዞር አየቻትና ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ አቅርባ፣ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ዝቅ በማድረግ ውስጡ ምን ያህል እንደገረጣ አሳየችኝ። በእሷ ወረቀት ጤና ጣቢያ ስንሄድ ሄሞግሎቢኗ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል መጠን) 9.6 ሆኖ ተገኘ፤ በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጃገረዶች ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። ክብደቷም ለቁመቷና ለዕድሜዋ ከሚገባው ያነሰ ነበር።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን የጠየቀችኝን ጥያቄ ነው። «እትዬ፣ እዚህ ቤት መጨረሻ የሚበላው ማነው?» አለችኝ። አባቷና ወንድሞቿ ከተነሡ በኋላ እኔና ልጄ ከሞሰቡ የተረፈውን እንበላለን፤ ወዲያው ሻይ እንጠጣለን፤ የዶሮዎቻችንን እንቁላል ደግሞ ቅዳሜ ገበያ እናወጣዋለን። ሳትወቅሰኝ፣ ልጅቷ በፍጥነት እያደገች በየወሩም ደም እየፈሰሳት ስለሆነ ከወንድሟ የበለጠ ብረት እንደሚያስፈልጋት፣ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ብረቱ በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ እንደሚያደርግ፣ ጎመኑና ምስሩ ላይ የሚጨመቅ ሎሚ ደግሞ እንደሚያግዝ አስረዳችኝ። ይህንኑ ለባለቤቴ ለመንገር አመሻሽ ላይ ተመልሳ መጣች። ባለቤቴ ምክር በቀላሉ የሚሰማ ሰው አይደለም፤ እሷን ግን ሰማት፤ አሁን እኛም ልጆቻችንም አብረን እንቀርባለን።

ጤና ጣቢያው ያዘዘው የብረት እንክብል ሲያቅለሸልሻት ልታቆመው ነበር። ሰገራዋ ቢጠቁር እንዳንደነግጥ፣ ማቅለሽለሹም ከምግብ ጋር ስትውጠው እንደሚቀል ባለሙያዋ አስቀድማ ባትነግረን ኖሮ እኔም እሺ ብዬ አስቆማት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ሄሞግሎቢኗ 12.3 ደረሰ።

ምክሩ ያለ ክፍያ ነው፤ የደም ምርመራው ግን ጤና ጣቢያ እንጂ ጤና ኬላው ውስጥ የለም። ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት ስለምትዞር ጠዋት ብትሄዱ ታገኟታላችሁ።