ሀዋሳ ላይ ሌክ ቪው፣ ጋርደን ቪው ወይስ ሲቲ ቪው? ባልኮኒ ያለው ክፍል ከመያዛችሁ በፊት

ለዊኬንድ ሀዋሳ ወርዶ ፓርኪንግ የሚያሳይ ክፍል ውስጥ ማደር ያናድዳል፣ ሌክ ቪው ተብሎ ብር ጨምሮ ከፍሎ ባልኮኒው ላይ የዋርካ ቅጠል ሲያዩ መዋል ግን የባሰ ነው። አብዛኛው ሰው ፎቶ አይቶ ነው የሚይዘው፣ ፎቶው ደግሞ ሁሌም ከግቢው ምርጥ ክፍል ነው የሚነሳው። እነ ሀይሌ ሪዞርት፣ እነ ሌዊ ሪዞርት ሐይቁ ዳር እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፣ ስለዚህ የትኛው ሆቴል ይሻላል የሚለውን ትቼ የክፍል ዓይነቶቹን ላወዳድርላችሁ፣ ምክንያቱም አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሁለት ክፍሎች የሁለት ከተማ ክፍል ያህል ሊለያዩ ይችላሉ።

መጀመሪያ የመሬቱን ነገር እንያዝ። ቢሾፍቱ ላይ ሐይቆቹ እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ጉድጓድ ውስጥ ስለሆኑ አፋፉ ላይ የተሠራ ሆቴል ቁልቁል ነው የሚያያቸው፣ ግራውንድ ላይ ቢሰጧችሁም ውሃ ይታያችኋል። ሀዋሳ እንደዛ አይደለም። ከተማው ሜዳ ነው፣ ከሐይቁ ብዙም ከፍ አይልም፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ትልልቅ ዛፍ ነው። ስለዚህ ሀዋሳ ላይ ቪው ማለት ፎቅ ማለት ነው። ግራውንድና 1ኛ ፎቅ ላይ ሌክ ቪው ከተባላችሁ በቅጠል መሀል ብልጭ የሚል ውሃ ጠብቁ፣ ከ2ኛ ፎቅ ጀምሮ ነገሩ ይከፈታል፣ ዛፉ ትልቅ የሆነበት ቦታ 3ኛም ላያድናችሁ ይችላል።

ሁለተኛው ነገር አቅጣጫ ነው። ከተማው ያለው ከሐይቁ በስተምስራቅ ስለሆነ ከተማው በኩል ያለ ሆቴል ውስጥ ሐይቁን የሚያይ ባልኮኒ በአብዛኛው ወደ ምዕራብ የዞረ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ከህንፃው ጀርባ ስለምትወጣ ባልኮኒው ጥላ ሆኖ ሐይቁና ማዶ ያሉት ተራሮች በርተው ይታያሉ፣ ነፋሱም ገና ስላልተነሳ ውሃው ዝም ያለ ነው፣ አሳ አጥማጆቹ ወደ አሳ ገበያው፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ሲገቡ ጀልባቸው ከኋላ የሚጥለው መስመር ሳይጠፋ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሰንሴት ነው፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ለሀዋሳ ሐይቅ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቡና ይዞ መውጣትን የሚያህል የለም።

ከምሳ በኋላ ይገለበጣል። ከ8 እና 9 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይዋ ቀጥታ ክፍሉ ውስጥ ትገባለች፣ ባልኮኒው ላይ መቀመጥ አይቻልም፣ አልጋው ራሱ ይሞቃል፣ ኤሲ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋና ጄኔሬተሩ ለኤሲ የማይበቃ ከሆነ ለሌክ ቪው ከፍላችሁ መጋረጃ ዘግታችሁ ነው የምትተኙት። ወደ 11 ሰዓት ተኩል ነው እንደገና የሚጥመው። 12 ሰዓት አልፎ ፀሐይዋ ከማዶ ተራሮች ጀርባ ትገባለች፣ እኛ አገር ደግሞ ማምሸቱ ረጅም አይደለም፣ ከገባች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጨለማ ነው። በዛ ሰዓት ከተማ እየዞራችሁ ወይም ጥሬ አሳ እየበላችሁ የምታመሹ ከሆነ የጨመራችሁትን ብር ውሃ በላው። አንድ ነገር ደግሞ፣ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ አትገባም፣ ሐይቁን ፊት ለፊት ስታዩ ታኅሣሥና ጥር ላይ ወደ ግራ፣ ሰኔ ላይ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፣ ስለዚህ ጎን ላይ ያለ ክፍል የሚሰጧችሁ ከሆነ በየትኛው ጎን እንደሆነ ጠይቁ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰንሴት ቃል የሚገባላችሁን ሪሴፕሽን ግን አትመኑ፣ ደመናው ላይ እሱ አያዝም።

አሁን ባልኮኒው ራሱ። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሸወደው፣ ባልኮኒ አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ አለው ይሉታል፣ ሲደርስ ሁለት እግር ብቻ የሚያስቆም፣ በሩ ሲከፈት ሞልቶት የሚያልቅ ነገር ነው። የጥልቀቱን ነገር በሜትር መጠየቅ አያስፈልግም፣ ሁለት ወንበርና ጠረጴዛ ገብቶ በሩ ይዘጋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ በቃ። ከዛ መደገፊያው። ብሎኬት ተገንብቶ የተለሰነ ከሆነ ቆማችሁ ሐይቁን ታያላችሁ፣ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ ግን ግንቡ ዓይናችሁ ጋ ይደርስና ሰማይ ብቻ ይቀራል፣ ዝቅ ያለች የፕላስቲክ ወንበር ከሆነችማ አለቀላችሁ። መስታወት ወይም የብረት ፍርግርግ የሆነው ተቀምጦም ያሳያል። ልጅ ካላችሁ ግን ፍርግርጉን በደንብ እዩት፣ ብረቱ አግድም የተዘረጋ ከሆነ ለልጅ መሰላል ነው፣ ቁም የሆነው ይሻላል፣ መሀሉም የልጅ ጭንቅላት የማያስገባ መሆን አለበት። የጎረቤት ባልኮኒ ደግሞ በግንብ ካልተለየ የእነሱን ስልክ ወሬ በሙሉ ትሰማላችሁ፣ እነሱም የእናንተን።

ጋርደን ቪው የሚሉት፣ ግቢው ውስጥ ያሉት ግራውንድ ክፍሎችና ባንጋሎዎች፣ በዋጋም ብዙ ጊዜ ቀለል ይላሉ፣ ለቤተሰብ ደግሞ እኔ የምመርጠው እነሱን ነው። ልጅ ከበሩ ወጥቶ ሳር ላይ ይሮጣል፣ ሊፍት የለ ደረጃ የለ፣ እናትና አባት ወይም አያት ይዛችሁ ከሆነ ያለምንም ጥያቄ ይሄ ነው። ዛፉ ላይ ጉሬዛ አለ፣ ሳሩ ላይ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቁ ወፍ እንደ ዘበኛ ሲንጎራደድ ታያላችሁ፣ ልጆች ከሐይቁ ይልቅ እሱን ነው የሚወዱት። ችግሩ ጦጣዎቹ ናቸው፣ በረንዳ ላይ ሙዝ ወይም ብስኩት ትታችሁ ፊታችሁን ስታዞሩ የለም፣ በር ክፍት ካገኙ አልጋ ላይ ነው የሚወጡት፣ አትመግቧቸው፣ አንዴ የለመደ ጦጣ ቀጣዩን እንግዳ ነው የሚያስቸግረው። ፕራይቬሲም የለም፣ ቅዳሜ ሙሽሮች ከነሚዜና ካሜራማኑ ፎቶ ሊነሱ ሲመጡ በፒጃማ በረንዳ ላይ ቁርስ መብላት ይከብዳል።

ትንኝ ደግሞ ሌላው ነው። ሀዋሳ ከፍታዋ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ወባ የሚገኝበት ከፍታ ነው፣ ሐይቁ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ የለም፣ ዝናብ ሲበዛ ዳር ዳሩ ይረጥባል። ስለዚህ ውሃው አጠገብ ግራውንድ ከያዛችሁ በተለይ መስከረምና ጥቅምት ላይ አጎበር አለ ወይ፣ የባልኮኒው በር ወንፊት አለው ወይ ብላችሁ አረጋግጡ። ወንፊት የሌለው የባልኮኒ በር ማታ የማይከፈት በር ነው፣ ያን ጊዜ የከፈላችሁበት አየር ውጭ ቀረ። ላይኛው ፎቅ ላይም ትንኝ አይጠፋም ግን ይቀንሳል፣ ነፋሱ ይረዳል።

ሲቲ ቪው ወይም የተራራ ቪው የሚባለውን ሰው ይንቀዋል፣ አትናቁት። ፊቱ ወደ ምስራቅ የዞረ ከሆነ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፣ ከሰዓት ቀዝቀዝ ይላል፣ ቀን መተኛት ለሚወድ፣ ህፃን ለያዘ፣ ወይም ስልጠና መጥቶ ቀኑን አዳራሽ ለሚያሳልፍ ይሄ ነው የሚሆነው። አበል ይዞ ለመጣ ሰልጣኝ ሌክ ቪው ምን ያደርግለታል? በጨለማ ገብቶ በጠዋት ይወጣል። ወደ ታቦር ተራራ የዞረ ክፍል ካገኛችሁማ ቪውም አለው።

እንደውም ቆጣቢ ለሆነ ሰው ከተማው ውስጥ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ደህና ሆቴል ይዞ ከሰዓት በኋላ ታቦርን መውጣት ነው፣ ከላይ ሐይቁም ከተማውም አንድ ላይ ይታያል፣ ከየትኛውም ሱት ባልኮኒ የተሻለ ነው። ሲመሽ በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወዳለው መዝናኛ፣ ፍቅር ሐይቅ ወደሚሉት፣ መሄድ ነው።

ስለ ድምፅ አጭር ልበል። ሐይቁ ዳር ፀጥታ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቅዳሜ ማታ ሀዋሳ አላደረም። ሰርግ፣ ዲጄ፣ ፑል ዳር ሙዚቃ፣ ውሃው ደግሞ ድምፅ ያሻግራል፣ ሌላ ሆቴል ያለው ዘፈን እናንተ ባልኮኒ ላይ ነው የሚያድረው። ክፍሉ ከአዳራሹና ከባሩ በየትኛው ጫፍ እንደሆነ፣ በዛ ቀን ሰርግ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል።

ዋጋው ላይ፣ የሚነገራችሁ ዋጋ 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ የገባበት ነው ወይስ ያልገባበት የሚለውን ሳትጠይቁ ሁለት ሆቴል አታወዳድሩ፣ ርካሹ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቁርስ የስንት ሰው እንደሆነም እንደዛው። ፊቼ ጨምበላላ ሲደርስ ከተማው ይሞላል፣ በፈረንጆቹ 2015 ዩኔስኮ የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፣ ቀኑን የሚያወጡት አያንቱዎች ኮከብ አይተው ስለሆነ በየዓመቱ ይለያያል፣ ቀኑ እንደተሰማ ቶሎ ነው መያዝ ያለበት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል የሚመጣው ሰው ብዛትማ ሌላ ነው፣ ያኔ ክፍል መገኘቱ ራሱ በቂ ነው፣ ቪው አትምረጡ።

በመኪና ከአዲስ አበባ 270 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ አርብ ከሥራ በኋላ የሚነሳ ሰው ሲደርስ ሐይቁ አይታይም። ስለዚህ የአርቡን ሌሊት ስታንዳርድ፣ ቅዳሜን ሌክ ቪው አድርጋችሁ ለመያዝ ሞክሩ፣ ሁሉም ሆቴል እሺ ባይልም ክፍል ካላቸው ብዙዎቹ ይስማማሉ፣ ሻንጣ ማዘዋወር ብቻ ነው። ስትይዙ ደግሞ የክፍሉን ቁጥር ወስዳችሁ ሪሴፕሽኗን በትህትና በቴሌግራም ቪዲዮ አንሺልኝ በሏት፣ ባልኮኒው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የምታነሳውን ነው እንጂ ቆማ የምታነሳውን አይደለም።