ግሎባል ፎረስት ዋች፦ ዛፉን ያያል፣ ጎሬውን አያይም

የዓለም ደን የት የት እንደተራቆተ በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ካርታ የተሻለ አላገኘሁም። በነጻ ነው። ሳይመዘገቡም ይከፈታል። እኔ የምከፍተው ግን አንድ ነገር ፍለጋ ነው። ደን ሙልጭ ተደርጎ ሲቆረጥ እዚያ ይኖሩ የነበሩ ወፎችና እንስሳት ምን ይሆናሉ? ግምገማዬ በዚህ በኩል ያየ ነው። ለካርቦን ወይም ለእርሻ መሬት ጉዳይ የሚጠቀምበት ሰው ሌላ ሊል ይችላል።

አሁን ያለውን የኦንላይን ካርታ በ2014 ያወጣው ወርልድ ሪሶርስስ ኢንስቲትዩት የተባለው የምርምር ተቋም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዋናውን መረጃ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከላንድሳት ሳተላይት ምስሎች ያወጡታል። መሬቱ 30 ሜትር በ30 ሜትር በሆኑ ቁራጮች ይከፈላል። ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም ዛፍ የነበረበት ቁራጭ ከተራቆተ፣ ከ2001 ወዲህ በየትኛው ዓመት እንደሆነ ይመዘገባል። የጠፋው በሮዝ ይታያል። ማጫወቻውን ስትነኩት ሮዙ ዓመት በዓመት ሲሰፋ ታያላችሁ።

ይህ ክፍል በጣም ጥሩ ነው። ሙልጭ ተደርጎ የተቆረጠ ደን ብዙ ጊዜ ቅርጹ ያስታውቃል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚገባ መንገድም አለው። እሳት እንደዚህ አይቆርጥም። ደግሞ ዓይናችሁን ከሮዙ ላይ አንስታችሁ በመሀል የተረፈውን አረንጓዴ ተመልከቱ። በሁለት ባዶ ቦታዎች መሀል የቀረ ጠባብ ደን ከላይ ሲያዩት ደን ነው። ውስጡ ግን ተቀይሯል። ፀሐይና ነፋስ ከጎን ይገባሉ፤ መሬቱ ይደርቃል። ቆዳው ሁልጊዜ እርጥብ መሆን ያለበት ሳላማንደር (እንሽላሊት የሚመስል የእንቁራሪት ዘመድ) እዚያ መቆየት ይከብደዋል። ጎጆ የሚዘርፉ እንስሳትም በብዙ ቦታ ጠርዝ ጠርዙን ማደን ይወዳሉ። የደን መቆራረስን እንዲህ ቁልጭ አድርጎ በማሳየት ካርታው ተወዳዳሪ የለውም።

ችግሩ የሚጀምረው ደኑ ተመልሶ አረንጓዴ ሲሆን ነው። የተተከለው ችግኝ አድጎ 5 ሜትር ሲያልፍ ለሳተላይቱ እንደገና ዛፍ ሆነ ማለት ነው። ለእንስሳው ግን ገና ምንም አልተመለሰም። በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት የሚኖረውን ሊድቢተርስ ፖሰም ውሰዱ። ይህ ትንሽ የሌሊት እንስሳ የሚያድረው በትልልቅ ባሕር ዛፎች ግንድ ውስጥ በሚገኝ ጎሬ ነው። እንዲህ ያለ ጎሬ እስኪፈጠር ከ100 ዓመት በላይ ይፈጃል። ደኑ ከዚያ ባጠረ ጊዜ ውስጥ እየተመላለሱ ከቆረጡት ጎሬው መቼም አይፈጠርም። ካርታው ላይ ግን ወጣቱም ሽማግሌውም ደን ያው አረንጓዴ ነው።

ማርብልድ መሬሌት የምትባለው የባሕር ወፍም አለች። ምግቧን ባሕር ላይ ታድናለች። በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ እንቁላል የምትጥለው ግን በአብዛኛው ወደ መሀል አገር ገብታ፣ ያረጀ ግዙፍ ዛፍ ሰፊ ቅርንጫፍ ላይ ነው። አንድ እንቁላል ብቻ! ጎጆዋ ዛፍ ላይ መሆኑ በአሜሪካ የተረጋገጠው በ1974 ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ። ወጣት ዛፍ እንቁላል የሚይዝ ቅርንጫፍ የለውም። በዚያው አካባቢ የምትኖረው ሰሜናዊቷ ስፖትድ ጉጉትም ያረጀ ደን ትፈልጋለች፤ በ1990 በአሜሪካ ሕግ ስጋት ላይ ካሉ ዝርያዎች ተርታ የገባችው ይኸው ደን ስላለቀባት ነው።

ከላይ የማይታየው ደግሞ የወደቀውና ቆሞ የደረቀው ግንድ ነው። በፊንላንድ ከ4000 እስከ 5000 የሚሆኑ ዝርያዎች፣ ማለትም ከደን ነዋሪዎቹ 20–25 በመቶው፣ ኑሯቸው በሞተ እንጨት ላይ የተመሠረተ ነው። ጥንዚዛና እንጉዳይ ይበዛባቸዋል። ሁሉም ተጠራርጎ ሲወሰድ እነዚህም አብረው ይሄዳሉ። ይህን የሚያሳይ ቀለም የለም።

አንዳንድ ጊዜ ጉዳቱ ከሮዙ ውጭ ነው። ካናዳ ውስጥ ደን ሲቆረጥ ባዶው ቦታ ላይ ለምለም ቁጥቋጦ ይበቅላል። ሙስ የሚባለው ግዙፍ አጋዘንና ሌሎች አጋዘኖች ይበዛሉ። እነሱን ተከትሎ ተኩላ ይበዛል፤ ለእንጨት በተጠረገው መንገድም እንደልቡ ይሄዳል። ከዚያ ያልተቆረጠው ደን ውስጥ ያለው ካሪቡ የሚባለው የአጋዘን ዓይነት የተኩላ ሲሳይ ይሆናል። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ሰንሰለት አያገኘውም።

ሮዝ ሁሉ ጥፋት ነው ማለትም አይደለም፤ እውነቱ መነገር አለበት። ኪርትላንድስ ዋርብለር የምትባለው ትንሽ ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው ጃክ ፓይን የሚባል ወጣት የጥድ ዓይነት ሥር፣ መሬት ላይ ነው። ድሮ ወጣት ደን ይፈጥርላት የነበረው እሳት ነው። አሁን በአብዛኛው ሚቺጋን ውስጥ ሆን ብለው እየቆረጡ ይተክሉላታል። በ2019 ከአደጋ ዝርዝር ወጥታለች። ካርታው ላይ ግን የእሷ ቦታም ሮዝ ነው።

አገልግሎቱ ራሱ ይህን አይደብቅም። የዛፍ ሽፋን መቀነስ ሁልጊዜ የደን ጭፍጨፋ እንዳልሆነ በግልጽ ጽፎታል። ዘዴው ስለተሻሻለ የቆዩና የቅርብ ዓመታትን ቁጥር ዝም ብሎ ማወዳደር እንደማይገባም ያስጠነቅቃል። መንስኤውን የሚለይ ንብርብርም (ካርታው ላይ የሚደረብ ተጨማሪ መረጃ) አለ፤ እሱን ሳትከፍቱ አትፍረዱ። በ2018 በወጣው ጥናት መሠረት ከ2001 እስከ 2015 ከጠፋው የዛፍ ሽፋን 26 በመቶ ያህሉ ከእንጨት ምርት ጋር የተያያዘ ነበር።

አንድ ሌላ ክፍተት አለ። መረጃው የሚይዘው የቁራጩ ዛፍ በሙሉ ሲነሳ ነው። ጎሬ ያለው አንድ ሽማግሌ ዛፍ ተመርጦ ቢወድቅ ላይታይ ይችላል። ለጉጉትና ለግንደ ቆርቁር ግን ያ አንዱ ዛፍ ቤታቸው ነው።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አምስተኛውን የምሰጠው የደን ዕድሜ በየትኛውም ቦታ ከዛፍ ሽፋኑ ጎን የሚታይበት ቀን ነው። እስከዚያው የተጠበቁ ቦታዎችን ንብርብር አብራችሁ ክፈቱ። ከጎኑ ደግሞ ሰዎች ያዩትን ወፍ የሚመዘግቡበትን ድረ ገጽ ኢበርድን ክፈቱና በዚያ ደን የትኞቹ ወፎች እንደተመዘገቡ ተመልከቱ፤ እሱም ነጻ ነው። ሰው በማይደርስበት ደን መዝገቡ ባዶ ሊሆን ስለሚችል፣ ባዶ መዝገብ አይታችሁ ወፍ የለም እንዳትሉ።