አልትራሳውንድ አላደርግልህም ላለችኝ ፊዚዮቴራፒስት

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቢሮ ልጆች ጋር እንጦጦ ወጣን። ለህዳሩ ታላቁ ሩጫ መለማመዳችን ነው። 10 ኪሎ ሜትር ናት። በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር ኃይሌ ራሱ ሮጦ አሸንፎታል፤ እኛ ደግሞ ቲሸርቱን ለብሰን ፎቶ ለመነሳት ነው የምንገባው። ዳገቱን በወሬና በሳቅ በእግራችን ወጣነው። ስንመለስ ግን ከልጆቹ አንዱ "እስከ ሽሮ ሜዳ በሩጫ!" አለ። እኔም 44 ዓመቴን ረስቼ ለቀቅኩት። ቁልቁለት ምን ያደክማል? እንዲያውም የምበር መሰለኝ።

እሁድ ጭኔን ያዝ ያዝ አደረገኝ፤ ናቅኩት። ሰኞ ከአልጋ ስወርድ ግን እግሬ የኔ አልመሰለኝም። መቀመጥ ስቃይ፣ መነሳት ስቃይ። ደረጃ መውጣቱስ እንደምንም ይቻላል፤ መውረዱ ነው ጉዱ። ቢሮዬ አራተኛ ፎቅ ነው። የዚያን ቀን ደግሞ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሟል። ምሳ ሰዓት ላይ የደረጃውን ብረት በሁለት እጄ ይዤ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ በጎኔ አንድ አንድ ደረጃ ስወርድ የጽዳት ሠራተኛችን አየችኝና "እግዜር ይማርህ ልጄ" አለችኝ። ከእሷ በዕድሜ የምበልጥ ይመስለኛል።

ከዚያ ሁሉም ሐኪም ሆነብኝ። አንዱ ወጌሻ ይሽህ አለ። አንዷ ላክቲክ አሲድ ነው፣ ሎሚ ጠጣበት አለችኝ፤ ጠጣሁ። ጂም የሚሠራው የሒሳብ ክፍሉ ልጅ ደግሞ "አልትራሳውንድ ተደረግ፣ ኳስ ተጫዋች ሁሉ እሱን ነው የሚደረገው" አለ። ይህንኑ ለእናቴ በስልክ ብነግራት "ምነው፣ አረገዝክ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። (ይሄኛው ግን ጽንስ የሚታይበት ሳይሆን በድምፅ ሞገድ ጡንቻ የሚታከምበት ነው።)

መጀመሪያ የሄድኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። እግሬን ማንም ሳይነካው "የ10 ጊዜ አልትራሳውንድ ነው፣ ቅድሚያ ይከፈላል" ተባልኩ። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ድምሩን በካልኩሌተር አሳየችኝ። አስቤበት እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ።

ዛሬ ላመሰግናት የፈለግኩትን ባለሙያ ያገኘኋት በማግስቱ ነው፣ በጓደኛዬ ባለቤት ጥቆማ። የምትሠራበት ክሊኒክ ከመገናኛ ብዙም አይርቅም። "ዶክተር" ብዬ ስጀምር "ፊዚዮቴራፒስት ነኝ" ብላ አረመችኝ (በአካል እንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ ማለት ነው)። እዚያው ወደድኳት።

"አልትራሳውንድ ፈልጌ ነው የመጣሁት" አልኳት።

"እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ እግርዎን ልየው።"

ግማሽ ሰዓት ያህል አየችኝ። ጭኔን ጫን ጫን አደረገችው። ሁለቱንም ባቶቼን በሜትር ለካች። ቀጥላ የሽንቴን ቀለም ጠየቀችኝ። ምን አገናኘው ብዬ ነበር፤ ኋላ አስረዳችኝ። ጡንቻ ከልክ በላይ ከተጎዳ ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ ይሆናል፤ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ያን ያየ ሰው ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው እንጂ ወደ እሷ አይመጣም። ባቴን የለካችውም አንዱ እግር ብቻ አብጦ እንደሆነ ለማየት ነው፤ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል።

የኔ ግን ተራ ነገር ነው አለች። ቁልቁለት ሲሮጥ ጭን እንደ ፍሬን ነው የሚሠራው። ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ይይዛል፤ ክሮቹ ላይ ጥቃቅን ጉዳት የሚደርሰው ያኔ ነው። ሰውነት ያንን ሊጠግን ሲነሳ ሕመሙ ይመጣል። ለዚህ ነው ዕለቱን ምንም ሳይል ቆይቶ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን የሚብሰው። ላክቲክ አሲዱማ ሩጫው ባበቃ በሰዓት ጊዜ ውስጥ ይጸዳል። ሎሚዬን በከንቱ ነው የጠጣሁት።

ማሽኑን ላየው ጓጉቼ ስለነበር አሳየችኝ። እጀታው ማይክሮፎን ይመስላል፣ ጫፉ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ብረቱን ወደ ላይ አዙራ ጠብታ ውሃ አደረገችበትና አበራችው። ድምፅ የለም። ውሃው ግን ተንቀጠቀጠ፣ አረፋ አወጣ፣ የሚፈላ መሰለ። በሰከንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል አለችኝ፤ የሰው ጆሮ ከ20 ሺህ በላይ አይሰማም። 3 ሚሊዮን ላይ ሲደረግ ደግሞ ወደ ውስጥ ብዙም ሳይዘልቅ ላይ ላዩን ብቻ ይሠራል። ጄሉ የሚቀባው አየር ሞገዱን ስለሚመልሰው ነው። እጅም አንድ ቦታ ላይ አይቆምም፣ እንዳያቃጥል ይዞራል።

"ታዲያ አድርጊልኛ!" አልኳት።

"ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም አላደርግልዎትም። በጥናት ሲፈተሽ፣ ማሽኑ ቢበራም ቢጠፋም ልዩነቱ ይህ ነው የሚባል አይደለም። በጥቂት ቀን በራሱ ይለቅዎታል። ገንዘብዎን ለምን እወስዳለሁ?"

ይህን ቃል በዚህ ኑሮ ከማን ሰምቼ አውቃለሁ?

እንዳልተኛ፣ ቀስ እያልኩ እንድራመድ፣ ከወደድኩ በሙቅ ውሃ እንድታጠብ ነገረችኝ። ውሃ ሳልጠጣ፣ በባዶ ሆዴ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ እንዳልውጥ አስጠነቀቀችኝ (ሁለት ውጬ ነበር፣ አልነገርኳትም)። ሲሻለኝ ደግሞ አጭር ቁልቁለት መርጬ በዝግታ እንድለማመድ፤ አንዴ የቀመሰው ጡንቻ በሚቀጥለው ጊዜ ያን ያህል አይታመምም። የከፈልኩት የካርድና የምርመራ ብቻ ነው። ሐሙስ ደረጃውን ፊት ለፊት ወረድኩ። ባለፈው ቅዳሜ ያችኑ ቁልቁለት ግማሿን ሮጥኳት፤ እሁድ ትንሽ ያዝ አደረገኝ፣ በቃ።

ተራዬን ስጠብቅ በመጋረጃው ክፍተት ያየሁትንም ልጨምር። ስትሮክ የመታቸውን አንድ አባት ከወንበር መነሳት ታስተምራለች። "አባባ፣ አሁን በግራዎ ይጫኑ፣ እኔ አለሁ" ትላለች። ሰባት ጊዜ ያህል ደጋገመችው፣ ድምፅዋ አንዴም አልተለወጠም። ወገቡን፣ ትከሻውን ለሚያመው፣ ከስትሮክ የሚያገግም ቤተሰብ ላለው ሰው ሁሉ ያለማመንታት የምጠቁማት ለዚህ ነው።

ጉድለትም አለ። ቀጠሮዬ 4 ሰዓት ነበር፣ የገባሁት 5 ሰዓት ተኩል ነው። ስልክም ቶሎ አያነሱም። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ አድራሻውን እሰጣለሁ። ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። እንደኔ ከእንጦጦ በሩጫ ወርዳችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ መደገፊያው በስተቀኝ ነው፤ በጎን ውረዱ።