ሲሊከንና ድኝ ጎን ለጎን፦ ሜታሎይድ ከኢ-ብረት በምን ይለያል?

ሰንጠረዥ ከመሸምደድ ሁለት ንጥረ ነገሮችን ይዞ ማወዳደር ይሻላል። ከሜታሎይዶች (ጠባያቸው በብረትና በኢ-ብረት መካከል ከሆነ ንጥረ ነገሮች) ሲሊከንን፣ ከኢ-ብረቶች ድኝን እንያዝ።

ሲሊከን መልኩ ያሳስታል። ግራጫ ነው፣ እንደ ብረት ያብለጨልጫል፤ በመዶሻ ስትመታው ግን መጠፍጠፍ የለም፣ ይሰባበራል። ድኝ ቢጫ ነው፣ ዳሎል ላይ እንደሚታየው፣ የብረት አንጸባራቂነትም የለውም። እሱም ይሰባበራል። ስለዚህ ፈተና ላይ «ተሰባሪ ነው» ብቻ ብለህ ከጻፍክ ሁለቱን አልለየህም።

ድኝ 115 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ይቀልጣል፣ ሲሊከን 1414 ይፈልጋል።

ዋናው ጉዳይ ኤሌክትሪክ ነው። ድኝ አያስተላልፍም፣ አለቀ። ሲሊከን ግን መሀል ላይ ነው፤ ብረት ሲሞቅ የማስተላለፍ አቅሙ ሲቀንስ የሲሊከን ይጨምራል፣ በዚያ ላይ እፍኝ የማትሞላ ፎስፈረስ ወይም ቦሮን ብትጨምርበት አቅሙ በጣም ከፍ ይላል፣ የስልክህ ቺፕም የሚሠራው በዚሁ ጠባዩ ነው። እዚህ ላይ ካርቦን ያስቸግራል፦ ኢ-ብረት ሆኖ ሳለ ግራፋይት ሲሆን ደህና አድርጎ ያስተላልፋል። መምህራን ይህችን መጠየቅ ይወዳሉ።

ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃዱስ? የድኝ ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ ገብቶ አሲድ ይሠራል። የሲሊከን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ዋናው የአሸዋ ክፍል ነው፤ ውሃ አያሟሟውም፣ ከጠንካራና ትኩስ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ጋር ግን ይዋሃዳል፣ ስለዚህ እሱም ደካማ ቢሆን አሲዳማ ነው።